ሦስት አሠሪ፣ አንድ ስልክ፦ የማንን ላስቀድም?

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሚከፍሉኝ ሦስት ናቸው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ የግል ኮሌጅ ፋይናንስ ክፍል እውላለሁ። የጽሑፍ ውል ያለኝ እዚያ ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የሁለት ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ደረሰኝ እለቅማለሁ፣ ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ አስገባለሁ፣ የወሩን ቫት አሳውቃለሁ። ሁለቱም ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው የሚሸጡት። ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ናቸው። አንዱ በር ላይ ቆሞ የሌላውን ቆርቆሮ መቁጠር ይቻላል። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስብሰባ ገባን። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ለካ ከነጋዴዎቹ አንዱ ዘንድ ኦዲተሮች መጥተው የሦስት ወር ደረሰኝ አምጣ እያሉት ኖሯል። ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ተንሸራቶ ተንሸራቶ ዳይሬክተሩ ፊት ደረሰ። ሰውየውን የመዘገብኩት ጋሼ ሲሚንቶ ብዬ ነው። ዳይሬክተሩ አነበበው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ቤት መሥራት ጀመርክ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ከአፌ አምልጦኝ ነው። ቤት እየሠራሁ አይደለም። የዶሮ ቤት እንኳ የለኝም፤ ተከራይ ነኝ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር መሠረቱ አለቀ ወይ ይለኛል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ሦስት አሠሪ ያለው ሰው የማንን ስልክ ያስቀድማል? ደግሞስ አንዱ ስለሌላው ማወቅ አለበት?

ይህን ከለጠፍኩ ሳምንት ሆነው፤ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው ምልልስ፣ 34 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ሳያነብ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። ስድቦቹን ትቻቸዋለሁ። የሚያስቁትን ግን አልተውኩም።

1ኛው መላሽ ከባሕር ዳር ነው። ሰላምታው ከመልሱ ይረዝማል። ቤተሰቤን፣ ጤንነቴን፣ ክረምቱ እንዴት እንደያዘን ጠይቆ ሲጨርስ አንዲት ነገር አለ፦ ውልህን አውጣና አንብብ። አወጣሁት። ፈርሜ ከገባሁ ወዲህ አንብቤው አላውቅም ነበር። በሥራ ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ መሥራት ክልክል ነው ይላል። ስለ ማታ አንድም ቃል የለበትም። በዚህ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ስልኩ የተደወለው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው።

2ኛው የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ዘርዘር አድርጎ አስቀመጠልን። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በሰዓት ደመወዙ 1.5 ተባዝቶ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ማታ ነጋዴዎቹ ዘንድ የምሠራው ትርፍ ሰዓት አይባልም፣ ሌላ አሠሪ ነውና አለ። ስለዚህ ድካሜን ማንም በ1.5 አያባዛልኝም። ትክክል ነው መሰለኝ፤ ሲያነቡት ግን ያናድዳል።

3ኛው ይህንን አረመ። የወረዳ ሠራተኛ ነው። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን እንደማይመለከት፣ እነሱ የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ እንደሆነና የሳምንት ሰዓታቸው 39 እንደሆነ ጻፈ። ከየት መጣ 39 የሚል እንዳይኖር ቆጥሮም አሳየ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከ7:30 እስከ 11:30፤ በቀን 8፣ በአራት ቀን 32። ዓርብ ጠዋት 5:30 ላይ ስለሚወጣ 7። ድምሩ 39። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ደስ አለኝ። ከ2ኛው ጋር ግን በዚህ ተያይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ማን ማንን አረመ የሚል ነገር ነው፣ ዝለሉት።

4ኛዋ ነርስ ናት፣ ከፍኖተ ሰላም። መልሷን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት መንግሥት ሆስፒታል ዲዩቲ እያደረች፣ ጠዋት አንድ የግል ክሊኒክ ትገባ ነበር። በመሀል ያለው ጊዜ ፊት መታጠቢያና ሻይ መጠጫ ብቻ ነው። አሠሪዎቿ ይተዋወቃሉ፣ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ማንም አልተቆጣትም። እንዲያውም የክሊኒኩ ባለቤት ሆስፒታል መሥራቷን ይወደው ነበር፤ ሌሊት ያየቻቸው ሕመምተኞች ጠዋት እሷን ፍለጋ ይመጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት መርፌ ልትቀዳ ብልቃጡን አነሳች። የተጻፈውን አነበበች። እንደገና አነበበች። ምን እንዳነበበች ግን አላወቀችም። ፊደሉን ታየዋለች፣ ቃሉ አይመጣላትም። ብልቃጡን አስቀምጣ የሥራ ባልደረባዋን ጠራች። የተሳሳተ መድኃኒት አልነበረም፣ ማንም አልተጎዳም። በዚያው ወር ክሊኒኩን ለቀቀች። ለእኔ ያለችኝ፣ ስልክ የሚያነሳው እጅ መሆኑን አትርሳ፣ እጁም እንቅልፍ ይፈልጋል ነው።

5ኛው ሲገባ የክሩ አየር ተለወጠ። ሰላም ሳይል ጀመረ። ሦስት ሰው ሊበላበት የሚችለውን እንጀራ ብቻዬን ጠቅልዬ ይዤ ደግሞ የስልክ ችግር አለብኝ ብዬ አለቅሳለሁ አለ። ዲግሪ ይዘው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው የሚውሉ ልጆች የስልክ ችግር የለባቸውም፣ የሚደውልላቸው የለምና አለ። ሁለት ወዶ አይሆንም ብሎ ዘጋው።

6ኛው ለእኔ ወግኖ በቁጣ መለሰ። ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ፣ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ በአንድ ሥራ እንደማይሸፈን፣ ይህን የማያውቅ ሰው ከእናቱ ጓዳ የሚበላ መሆን አለበት አለ። ስለ እናት ጓዳ መናገር አልነበረበትም። 5ኛው ምን እንደመለሰ አልጽፍም።

7ኛው ግን ራሱ ሥራ ፈላጊ ነው፣ በአካውንቲንግ የተመረቀ። 5ኛው ስለሚቆረቆርለት አመስግኖ፣ ችግሩ ትንሽ የተለየ ነው አለ። ነጋዴ ልምድ የሌለውን ልጅ መዝገቡን አያስነካም። እኔ ከሁለቱ መዝገቦች አንዱን ብተወው እንኳ ሰውየው ሌላ ልምድ ያለው፣ ሌላ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ይፈልጋል እንጂ እሱን አይቀጥርም። ይልቅ ደረሰኝ ማስገባቱን ለእሱ ሰጥቼ የተወሰነ ብከፍለው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጨዋ ልጅ ነው። አስቤበት እነግርሃለሁ አልኩት። 8ኛው በዚህ ተነስቶ እንግዲህ እርስዎም አሠሪ ሊሆኑ ነው ብሎ አሾፈብኝ።

አሁን ወደ 9ኛዋ። ሁሉንም ትታችሁ አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የጻፈችው ልጅ ናት፣ የምትተርከው ግን ስለ እናቷ ነው። እናቷ ባሕር ዳር ውስጥ ተመላላሽ ሠራተኛ ናቸው። ለብዙ ዓመት ሦስት ቤት ይዘው ቆይተዋል። ሰኞና ሐሙስ አንዱ ቤት፣ ማክሰኞና ዓርብ ሁለተኛው፣ ረቡዕና ቅዳሜ ሦስተኛው። ልብስ ያጥባሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሦስቱም የቤት እመቤቶች ቁልፍ ሰጥተዋቸዋል። ሦስቱም ስለ ሌሎቹ ቤቶች ይጠይቋቸዋል። እነ እትዬ እገሌ ምን ገዙ፣ ልጃቸው መጣች ወይ፣ ሥጋ ስንት ቀን ይበላሉ። እናትየው ዘዴ አላቸው። አይቆጡም፣ አላውቅም ብለውም አይዋሹም። ሳሙና አልቋል ይላሉ። ወይም ዛሬ ነፋስ የለም፣ ልብሱ አይደርቅም። የቤቱን እመቤት ወደ ቤቷ ይመልሷታል። ልጅቷ ይህን ስትጽፍ ኩራቷ ያስታውቃል።

ፈተናው ፋሲካ ነው። ቀዳም ሥዑር ሲሆን ሦስቱም ቤት ዶሮ አለ፣ ሦስቱም እሳቸውን ይፈልጋሉ። ስልካቸው የሚጮኸው ያኔ ነው። እናትየው ከሕማማት አጋማሽ ጀምረው ሽንኩርቱን በየቤቱ ከትፈው፣ ቁሌቱን አብስለው ያስቀምጣሉ። ቅዳሜ የሚቀረው ዶሮው ነው። ጠዋት የአሮጊቷ ቤት ይገባሉ፤ ሴትዮዋ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መበለት አይችሉም። ቀጥለው ልጆች የበዙበት ቤት። የመጨረሻዋ እመቤት ወጣትና ጉልበት ያላት ስለሆነች ዶሮውን አሳርዳና ገሽልጣ እንድትጠብቃቸው ቀድመው ይነግሯታል። ሦስት ዶሮ፣ እያንዳንዱ 12 ብልት። 36ቱን በሎሚና በጨው አጥበው ሲጨርሱ የጣታቸው ጫፍ ይነጣል፣ ይሸበሸባል። ከዚያ ቤታቸው ሄደው አራተኛውን ዶሮ ይሠራሉ። የራሳቸውን።

ልብ በሉ፣ ሦስቱም ቤቶች ቅደም ተከተሉን ያውቃሉ። ማንም በስውር ሁለተኛ የተደረገ የለም። ልጅቷ ለእኔ የነገረችኝ ይህንን ነው፤ እናቷ ደክመው ያውቃሉ እንጂ ተደብቀው አያውቁም። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው በሌለ ቤቴ መሠረት ላይ ነበር።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ያለው ስለ ሽንኩርት ነው። እውነቴን ነው። አንዱ ቁሌት ቀድሞ ቢበስል ጣዕሙ ይጠፋል አለ። አንዷ ከደጀን የጻፈች ሴት፣ እንዲያውም ካደረ ይጣፍጣል ብላ ተከራከረች። ሌላው የዶሮ ብልት በእነሱ ቤት 13 ነው ብሎ ሁሉንም አስነሳ። 13ኛው መላሽ ብልቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ 12 አስገባ። አወያዩ ወደ ርዕሱ ተመለሱ እስኪል ድረስ ስለ እኔ አሠሪዎች ያስታወሰ አልነበረም።

14ኛው 2ኛው ነው፣ ተመልሶ መጥቶ። የ9ኛዋ እናት ዓይነት ሰዎች፣ ማለትም በግለሰብ ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠሩ፣ በ1156 እንደማይሸፈኑ ጻፈ። 48ቱም ሰዓት፣ 1.5ቱም፣ 16ቱ የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም ለእሳቸው የለም። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያውቁት ሴት ከሁሉም በታች ሕግ ያላቸው ናቸው ማለት ነው። 3ኛው እንኳ አላረመውም።

15ኛው ከቡሬ ነው፣ መምህር። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ ጠዋት አስተምሮ ከሰዓት ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ ያስቆመው ሰው ርዕሰ መምህሩ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ደነገጡ። ርዕሰ መምህሩ ገባ። እስከ መናኸሪያ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሲወርድ ሒሳብ ልክፈል አልቀበልም ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሰውየው ብሩን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሄደ። በማግስቱ ስታፍ ውስጥ ሲገናኙ ርዕሰ መምህሩ ቀረብ ብሎ የኋለኛው ጎማ ነፋስ ይፈልጋል አለው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በሰላም አለቀ። አሁን ከሰዓት ስብሰባ ሲኖር አስቀድሞ ይነግረዋል። እንዲህ ዓይነት አለቃ ስንት ሰው አለው?

16ኛው ከእንጅባራ አካባቢ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ። የእሱ ሁለተኛ አሠሪ ዛፍ ነው። ዲከረንስ ተክሏል። ለማታውቁት፣ አዊ ውስጥ የተለመደ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ በሥሩ ሣር ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከዚያ በመኪና ወደ አዲስ አበባ። ጥቅሙ ዲከረንስ ስልክ አለመደወሉ ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዱን ሳይጨርስ ግን ዛፉ በሽታ ገብቶበት ቅርንጫፉ እየደረቀ እንደሆነና እሱ ቢሮ ተቀምጦ ያወቀው ዘግይቶ እንደነበር ነገረን። ያ አሠሪ ታሞም አልደወለም።

17ኛው ለምን ዝም ብለህ አትደብቀውም የሚል ነው። ብዙ ሰው እንደሚደብቅ፣ አሠሪም እንደማይጠይቅ ጻፈ። ለዚህ እኔው መለስኩ፣ መስኬ ነውና። አንድ ሰው የሚኖረው አንድ ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ነው። ኮሌጁ በየወሩ ከደመወዜ ግብር ቀንሶ ሲያስገባ በዚያ ቁጥር ነው። ጡረታም አለ፣ 7 በመቶ ከእኔ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ነጋዴዎቹም የከፈሉኝን ወጪ ብለው መያዝ ከፈለጉ ያንኑ ቁጥር ይጽፋሉ። ሰውየው ቢደበቅ ቲኑ አይደበቅም። ይህን ስጽፍ ትልቅ ሰው መስዬ ነበር። 5ኛው አድፍጦ ይጠብቀኝ እንደነበር አላወቅኩም።

ከዚያ በፊት ግን 18ኛው አለ። ከቢቸና በኩል ነው። አባቱ የእኩል አራሽ ነበሩ። የራሳቸው መሬት ጠባብ ስለነበር የሦስት ሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ከተማ የሚኖር ነጋዴ። ምርቱ ሲወቃ እኩል ይካፈላሉ። ሐምሌ ሲገባ ሦስቱም መሬት በአንድ ሳምንት እረሱኝ ይላል። በሬው ግን አንድ ጥማድ ነው። ሽማግሌው ሰው ይልካል፣ ነጋዴው ደግሞ እየመጣ ይቆማል። አባትየው የማንንም ፊት አያዩም ነበር። አፈሩን ነው የሚያዩት። ቀይ አፈር ቀድሞ ይታረሳል፣ ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ይጠብቃል። ነጋዴው ስለቆመ ዋልካው ቀድሞ አይደርቅም። ሴትዮዋ ስላልላከችም ቀዩ አይጠብቃትም።

ይህን አንብቤ ስልኬን አወጣሁ። የማክሰኞውን ጥሪ አሰብኩት። ኦዲተር በር ላይ ቆሟል፤ ያ ቀይ አፈር ነው። ስብሰባው ስለ አዲስ የማህተም አያያዝ ነበር፤ ዋልካ ነው፣ ከሰዓትም ይደርሳል። ግን ይቅርታ ብዬ ልወጣ አልቻልኩም። ለምን እንደምወጣ መናገር ነበረብኛ።

19ኛው በሬና ስልክ ምን አገናኛቸው ብሎ አፌዘ፣ የገጠር ተረት በቃን አለ። የቢቸናው ሰው አልመለሰለትም። እኔም አልመልስም።

20ኛው በኢንተርኔት ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራ፣ ቀን ደግሞ ባሕር ዳር ቢሮ የሚገባ ልጅ ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የውጭ አሠሪው ልጁ ጠፍቷል ብሎ አስቦ ነበር። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። አንዲት ኢሜይል ለመላክ። አለሁ፣ ኔት ነው የጠፋው ብሎ ጻፈ። ሰውየው በሰዓቱ መልሶለት ሥራውን አስቀጠለው። የባሕር ዳሩ አለቃ ግን የት ሄደህ ነው ሦስት ቀን የቀረኸው ብሎ ደመወዝ ቆረጠበት። ለሩቁ ሲል ቅርቡን አስቀየመ።

እንግዲህ 21ኛው። 5ኛው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አልተሳደበም። አለመሳደቡ ነው የከፋው። የመነሻ ጽሑፌን በጥንቃቄ አንብቧል። እናንተ ስለ ሰዓትና ስለ ስልክ ታወራላችሁ፣ ሰውየው ግን የሁለት ተፎካካሪ ነጋዴዎች መዝገብ ይዟል አለ። አንዱ ሲሚንቶ ከማን በስንት እንደገዛ፣ ማን ዱቤ እንደወሰደ፣ መቼ ጭነት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያው መንገድ ተሻግሮ ለሌላው ይሠራል። ሁለቱ ይህን ያውቃሉ ወይ? መልስ ብቻ ነው የምፈልገው አለ።

አያውቁም ብዬ ጻፍኩ። ወደ አንዱ ስሄድ በሌላው ፊት እንዳላልፍ የኋላ በር እንደምጠቀምም ጨመርኩ። ከጀመርኩ አይቀር ሌላም ተናዘዝኩ። አንድ ጊዜ ጋሼ ሲሚንቶ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ያ ሰውዬ በዚህ ሳምንት ስንት መኪና አራገፈ ይሆን ብሎኝ ነበር። እዚያ እንደምሠራ ያውቅ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ግን አሳሳቄ ራሱ ብዙ መኪና ነው የሚል ነበር። ሳሙና አልቋል ማለት አልቻልኩበትም።

22፣ 23፣ 24ኛው ወረዱብኝ። 25ኛው ሙያህን አዋርደሃል አለኝ፣ እሱም የሂሳብ ሰው ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጥ አለች።

26ኛው ከዳንግላ ነው፣ ራሱ አሠሪ፤ ወፍጮ ቤትና እህል መጋዘን አለው። ለስለስ ያለ ሰው ነው። የእሱ ሂሳብ ሠራተኛ ሌላ ቦታ መሥራቱ ምንም እንደማይመስለው፣ እሱ ብቻውን ሙሉ ደመወዝ እንደማይከፍለውም እንደሚያውቅ ጻፈ። ያቃጠለው ሌላ ነው። ነገሩን የሰማው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው፣ ያንተ ልጅ እኮ የእኛንም ይሠራል አለው። የሚያውቅ መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ያን የነቀነቀውን ነው ይቅር ያላለው።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። በፊት ለፊት በር ገባሁ። ጋሼ ሲሚንቶ ሚስማር በኪሎ እየመዘነ ነው። ቆሜ ነገርኩት። ለዚያኛውም እሠራለሁ፣ ካስከፋዎት አንዱን እተዋለሁ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ሚዛኑ ላይ ሁለት ሚስማር ጨመረ። ሁለቱ ነጋዴዎች ለካ አንድ እቁብ ውስጥ ናቸው። እሑድ እሑድ ይገናኛሉ። ስለ እኔ ካወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በኋላው በር መግባቴን ሁለቱም እያወሩ ይስቁ ነበር። ስለ መኪናው የጠየቀኝም እሺ ብዬ እናገር እንደሆነ ሊያይ ነው። አለመናገሬን ለዚያኛውም ነግሮታል። የሳቄን ነገር አላነሳም። እኔም አላነሳሁ።

ይህን 27ኛ አድርጌ ለጠፍኩ። 5ኛው ዕድለኛ ነህ፣ ንጹሕ ግን አይደለህም አለ። አልተከራከርኩም። 7ኛውን ልጅ ደግሞ ጋሼ ሲሚንቶ ዘንድ ይዤው ሄድኩ፤ ደረሰኙን አጠገቤ ተቀምጦ ያስገባል፣ ከእኔ ድርሻ እከፍለዋለሁ። ከ29 እስከ 33 ያሉት ስለ ሽንኩርት ተመልሰዋል፣ አወያዩም የተወው ይመስላል።

34ኛዋ የተመላላሿ ልጅ ናት። እናቷ ታሪኩን ሰምተው አንድ ነገር ጠይቀዋል። ነጋዴዎቹን ነገራቸው፣ የኮሌጁንስ ሰውዬ?

ገና ነው። ሰኞ ልነግረው ቢሮው ገብቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ። አንተማ ግንባታ ላይ ስለሆንክ ዋጋውን ታውቃለህ ብሎ፣ ለአባቱ ቤት 30 ክዳን ቆርቆሮ ፈልጎ፣ የሚታመን ሻጭ እንዳገናኘው ለመነኝ። ነገ ከምሳ በኋላ አብረን እንሄዳለን። የትኛው ሱቅ እንደምወስደው አልወሰንኩም።